አባ አንድ ጫማና ከአፌ የማትወጣው ቃል

እኔ እንግዲህ ጅን፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ በሚባለው ሁሉ እየሳቅሁ ያደግሁ ሴት ነኝ፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። ጎረቤቴ ለዛሯ ዶሮ አዙራ መንገድ ላይ ስትጥል፣ እኔ ከኋላዋ ሄጄ ዶሮውን አንስቼ ወጥ ሠርቼ የበላሁ ነኝ፣ ማርያምን፣ ምንም አልሆንኩም፣ ትንሽ ጨው ብቻ ነው የጎደለው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “አንቺን ጅን ቢይዝሽ ጸበል የሚሄደው ጅኑ ነው” ይለኝ ነበር።

ስለዚህ አሁን የማወራውን ስትሰሙ “አሮጊቷ ቀባጠረች” እንዳትሉኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሙሉ ናት፣ እኔ አወራለሁ እሷ ትጭራለች፣ አንዳንድ ቦታ ስደርስ ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ፣ ነገሩ የሷም ነውና። የሌሊት ወሬ የምትጠብቁም ካላችሁ ይቅርታ፣ ቆላ ላይ የሚፈራው ሌሊት አይደለም፣ ሌሊትማ ሰው ነፍስ የሚዘራበት ነው። እዚህ መተማ የሚፈራው ቀትር ነው፣ ጥላህ ራሷ ፀሐዩን ፈርታ እግርህ ሥር ስትገባ፣ ወፍ ዝም ሲል፣ መሬቱ እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጥ፣ ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ግን ወደ ልጅነቴ ልውሰዳችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ያደግሁት ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ያኔ ትራክተር የለ፣ ባጃጅ የለ፣ አገሩ ሁሉ ዱር ነው፣ ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ነጋዴዎች ከነአህያቸው ከነግመላቸው በደጃችን ያልፋሉ። ክረምት ወጥቶ ወንዙ ለእግር ሲመች፣ ከነጋዴዎቹ ኋላ፣ ብቻውን አንድ ሰውዬ ይመጣል። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ እኛ ልጆች አባ አንድ ጫማ ነው የምንለው፣ አንዱ እግሩ ላይ በረባሶ ያጠልቃል፣ ሌላው እግሩ ባዶ ነዋ! “አባ፣ ሌላው ጫማ የት ሄደ?” ስንለው “አልሄደም፣ ገና አልመጣም” ይላል፣ በሌላው ዓመት ስንጠይቀው ደግሞ “አንዱ እግር የኔ ነው፣ አንዱ የመንገዱ ነው፣ ለሰው ንብረት ጫማ አልገዛም” ይለናል። እኛ መሬት ላይ ተንከባልለን እንስቃለን።

ከሱ ቀድሞ የሚደርሰው ቃጭሉ ነው። የብረት ቃጭል እንዳይመስላችሁ፣ የተሰበረ ጠርሙስ አንገት ነው፣ ውስጡ አጥንት አንጠልጥሎበት አህያው አንገት ላይ አስሮታል። አህያው ደግሞ አንካሳ ነው፣ ስለዚህ ድምፁ እንደ ሌላ ቃጭል አይከታተልም፣ ቅንግል ቅንግል ይልና ዝም ይላል፣ ቅንግል ቅንግል ይልና ዝም። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ያን ድምፅ ከሺህ ቃጭል መካከል እለየዋለሁ። አህያው ላይ ጅራት የሌለው አውራ ዶሮ ይቀመጣል፣ ከኋላ ዓይኗ የጠፋ ፍየል ቃጭሉን እየሰማች ትከተላለች፣ አንዲት ጥርሷ የረገፈ ጦጣ ደግሞ የፍየሏን ጆሮ ይዛ ትሄዳለች፣ እንግዲህ ፍየሏ ትምራ ጦጣዋ ትምራ አላውቅም።

ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ እንስሳቱን ሁሉ አንቱ ነው የሚላቸው፣ ሰውን ግን ቄስ ይሁን ጭቃ ሹም፣ አንተ! አባቴ በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር፣ ከደጅ ወጥቶ “እንዴት ዋሉ አባ” ሲለው፣ “አንተ፣ ውሃ አምጣ፣ አለቃ ተጠምተዋል” ይለዋል። አለቃ አህያው ነው እኮ! አባቴ ጥርሱን ነክሶ ውሃውን ያቀርባል፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ “ይጠጡ አለቃ፣ እርስዎ ይቅደሙ” ይላል፣ ቀጥሎ ፍየሏ፣ ቀጥሎ ጦጣዋ፣ ቀጥሎ ዶሮው፣ የተረፈችውን እሱ። እናቴ “ይሄ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ባለጌ ነው” ትል ነበር።

አንድ ቀን አባቴ “እነዚህን ሁሉ ከየት ሰበሰቧቸው?” አለው።

“ከመንገድ” አለ። “ነጋዴው አህያው ሲደክምበት ጭነቱን ያወርድና ጥሎት ይሄዳል፣ ታውቅ የለም? እኔ የደከመውን ነው የምሰበስብ። ጉልበት ያለውማ ባለቤት አለው።”

እኔ ያኔ ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነኝ፣ አፌ ግን የአሮጊት ነው፣ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ወጣሁና “አባ፣ እኔንም ውሰዱኝ!” አልኩት፣ ልጆቹ እንዲስቁልኝ ብዬ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ቁጢጥ አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

“ደክሞሻል?” አለኝ።

“ኧረ አልደከመኝም!” ብዬ ዘልዬ አሳየሁት።

“እንግዲያ ገና ነሽ። የደከመሽ ቀን በአፍሽ በይው፣ ሩቅም ብሆን እሰማለሁ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ።” ይሄን ብሎ ተነሳ፣ አህያውን “እንሂድ አለቃ” አለው፣ ሄዱ። ዶሮው ብቻ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ እስኪሰወር ድረስ ሲያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አልመጣም። አንድ ቀን አባቴ ከወንዙ ማዶ ውሎ ሲመለስ ዶማውን ጥግ አስደግፎ “ያን ሰውዬ ቀበርነው” አለን፣ የክረምቱ ውሃ ወስዶት ዳር ላይ ተገኝቷል። እኔ “እንስሳቱስ?” አልኩ። “እንስሳ አላየንም” አለ አባቴ። ያን ማታ አለቀስኩ፣ ለሰውዬው መሰላችሁ? ለዶሮው ነው።

ከዚያማ ሕይወት መጣች፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ፣ መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ እኔ እንጨቴን እለቅማለሁ። አባ አንድ ጫማን የማስታውሰው ልጅ ሲያለቅስብኝ ለማባበያ ነው፣ አህያውን፣ ዶሮውን፣ ጦጣዋን እያልኩ እተርታለሁ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ግን፣ ደክሞሻል ያለኝን፣ ለማንም አላወራሁም። ለምን እንዳላወራሁ እንጃ። ሳያስቅ ቀርቶ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ሰሊጥ ወርቅ የሆነበት ጊዜ ነው፣ ከጎንደር ከየትም ባለሀብት እየመጣ ዱሩን ሁሉ ማሳ ያደረገበት። ባሌ ሞቷል። ልጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለሥራ ተሻግራ፣ ልጇን ይቺን ሙሉን እኔ ላይ ጥላት ሄዳለች፣ ገና ትንሽ ልጅ ናት፣ ጫማዋን ቀኝና ግራ የማትለይ። እኔ ደግሞ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ አንድ እርሻ ካምፕ ወጥ ቤት ገባሁ። ለአጫጅ ሁሉ ሽሮ በሰታቴ እሠራለሁ፣ ሰታቴው እኔን ከነልጅቱ ይውጣል። አጫጆቹ ከደጋ የመጡ ናቸው፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደብረ ታቦር፣ ቆላውን የማያውቁ ልጆች፣ ፀሐዩ እንደ ቆሎ ነው የሚቆላቸው። ካቦው ቢያድግልኝ ይባላል፣ ቀበቶው ከራሱ የሚወፍር ከሲታ ሰው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ሰሊጡ በሕልሙ ሲረግፍ እያየ የሚባንን ሰው ነው።

ማታ ማታ ሰታቴውን አጥቤ ወገቤን ይዤ ስቀመጥ፣ ሙሉ ትመጣና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ “እምዬ፣ ደከመሽ?” ትለኛለች። እናቷ ስትሄድ “እምዬን አደራ፣ ከደከማት ትታመማለች፣ ከታመመች ማንም የለሽም” ብላት ሄዳለች፣ ለሕፃን እንዲህ ይባላል? ልጅቱ ይሄን ይዛ ሌሊት ሁሉ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛ፣ ትንፋሼን ልትጠብቅ። እኔም “ማን? እኔ? እኔ መች ይደክመኛል!” እላትና ብድግ ብዬ እስክስታ እመታለሁ፣ አጫጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ስመኘው የሚባል ጎጃሜ ልጅ “ኧረ እማማ ደብሬ፣ አንገትዎ ተነቅሎ ሰታቴው ውስጥ እንዳይገባ!” እያለ ይስቅብኛል። ውሸቴን ነበር፣ እመኑኝ፣ አጥንቴ ሁሉ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። ግን ልጅቱ ሳቅ ብላ ትተኛለች፣ ለኔ እሱ ይበቃኛል።

ያን ቀን ታዲያ ምሳ አቀርባለሁ ብዬ ከራኩባው ሥር፣ ያው ከሣር ከምትሠራው ዳስ፣ ድስት ሳማስል ዞር ብል ሙሉ የለችም። “ሙሉ!” ዝም። “አንቺ ሙሉ!” ዝም። አንዱ አጫጅ “ቅድም ጅግራ እያባረረች ወደ ማሽላው ስትሄድ አይቻት ነበር” አይለኝ መሰላችሁ! የቆላ ማሽላ ታውቃላችሁ? በፈረስ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል። ሕፃን ልጅ እዚያ ውስጥ ከገባች መውጫው በየትም አይታይም፣ በየትም አንድ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ አንድ ረፋድ ነው የሚበቃት።

ድስቱን ጥዬ ሮጥኩ። አጫጆቹም ሮጡ፣ የናት ልጆች፣ ማጭዳቸውን ጥለው። ልጅ የጠማው ወደ ውሃ ነው የሚሄድ ብለን ሁላችን በምሥራቅ በኩል ወደ ጅረቱ ወረድን፣ ማሽላውን በክንዳችን እየሰነጠቅን፣ “ሙሉ! ሙሉ!” እያልን። ጅረቱ ደርቋል። ዱካ የለም። ተመለስን፣ ደግመን ገባን። አንዱ የወሎ ልጅ አዞረውና ወደቀ፣ ውሃ አፈሰሱበት። ሌሎቹም እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ ምን ይበሉ፣ ከንጋት ጀምሮ ሲያጭዱ የዋሉ ናቸው። ከታጨደው ሰሊጥ ክምር አጠገብ እንደ ጆንያ ተዘረጉ።

ቢያድግልኝ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ መጣ። “እማማ ደብሬ፣ ሰዉ አለቀ እኮ። ትንሽ ይረፍ፣ በረድ ሲል እንወጣለን።”

“በረድ ሲል ልጄም ትበርዳለች!” አልኩት።

“ሰሊጡም አፉን ከፍቷል፣ ሰዉም አፉን ከፍቷል፣ እኔ ምን ላርግ በማርያም?”

“ሰሊጥህ ይርገፍ አቦ! ያንተን ሰሊጥ ወፍ ይለቅመዋል፣ የኔን ልጅ ማን ይለቅማታል?”

አቀረቀረ። እኔ ልነሳ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ፣ ጉልበቴ የሰው ሆነብኝ። እንደገና ሞከርኩ። እግሬ ሥር ጥላ የለም፣ ቀትር ነው፣ ወፍ እንኳ የለም፣ ጭው ያለ ነው። ክምሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩና፣ በሕይወቴ ለማንም ያላልኳትን፣ ለባሌም፣ ለልጄም፣ ለንስሐ አባቴም ያላልኳትን ያቺን ቃል አልኳት። የትኛዋን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አታስደግሙኝ። ጮክ ብዬ ነው ያልኳት፣ ከሆዴ፣ ወደ ሰማይ።

እና ቃሏ ከአፌ ወጥታ ሳትጨርስ ሰማሁት።

ቅንግል ቅንግል። ዝም።

ጆሮዬ ነው፣ ፀሐይ ነው አልኩ። ቅንግል ቅንግል። ዝም። ከምዕራብ ነው፣ ከጅረቱ ተቃራኒ፣ ማንም ካልፈለገበት በኩል፣ ገና ካልተመነጠረው ዱር። ቀስ እያለ ነው የሚመጣ፣ አንካሳ እንደሚራመደው።

እኔ ብቻ ብሰማው እስከ ዛሬ ጆሮዬን በከሰስኩት። ግን የማሳው ጠባቂ ከማማው ላይ ጮኸ፣ “ከብት ገባ! ከብት ገባ!”

ይሄን ለማያውቅ ልንገር፣ በሰሊጥ ወቅት እዚህ አገር ቃጭል ማለት ሌላ ትርጉም የለውም፣ ከብት ማሳ ገባ ማለት ነው። የደረቀ ሰሊጥ ሲነካ ፍሬው ይፈሳል፣ ክምር መካከል የገባ መንጋ የዓመት እንጀራ ረግጦ ይወጣል፣ ስለዚህ ቃጭል የሰማ ሁሉ እየበላም ቢሆን፣ ሱሪውን እየታጠቀም ቢሆን፣ ዱላውን ይዞ ወደ ድምፁ መሮጥ ነው፣ አእምሮ ሳይጠየቅ እግር ይነሳል። እና እነዚያ እንደ ጆንያ የተዘረጉ ልጆች እንዴት እንደተነሱ ብታዩ! ለኔ ልጅ አልነሳ ያለ እግር ለከብት ተነሳ፣ ያ አዞረው የተባለው የወሎ ልጅ እንኳ ከፊት ነው የሚሮጥ። እኔም ተነሳሁ፣ እንዴት እንደተነሳሁ አትጠይቁኝ፣ እያነከስኩ ከኋላ፣ “ከብት አይደለም፣ ከብት አይደለም!” እያልኩ፣ ማን ይሰማኛል።

ቃጭሉ መሃል መንገድ ላይ ዝም አለ። ዝም ሲል ሁሉም ቆመ፣ ወዴት ይሩጥ? ከዚያ ስመኘው እጁን ቀሰረ። ከማሳው ዳር አንድ ኩመር ዛፍ አለ፣ ያ ፍሬው ጥርስ የሚያደነዝዘው፣ ከሥሩ ሙሉ ቁጭ ብላለች። የወደቀ ፍሬ እየላሰች ፊቷን ታጨማድዳለች። ከብት የለም። አንድም ከብት የለም።

አቀፍኳት፣ ጠረኗን ሳብኩ፣ ከዚያ ደነገጥኩ። ልጅቱ እርጥብ ናት። ፀጉሯ ረጥቧል፣ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ረጥቧል፣ ከንፈሯ ወዝቷል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ውሃ በሌለበት አገር። እኛ ነን ከንፈራችን የተሰነጠቀ።

“ማን ውሃ ሰጠሽ?” አልኳት።

“ሰውዬው” አለች። “ግን ለአህያው ነው ቀድሞ የሰጠ። ‘እርስዎ ይቅደሙ’ አለው። አህያውን እኮ ነው እምዬ!” ብላ ሳቀች።

ቢያድግልኝ “የትኛው ሰውዬ?” አለ።

“አንድ ጫማ ያለው። አህያው ላይ አስቀመጠኝ፣ ዶሮው ጠጋ አለልኝ። ወደ አንቺ እየመጣን ነበር። ከዚያ ‘አያትሽ ደከማት እንዴ? ስትጠራኝ ሰማሁ’ አለኝ።”

ትከሻዋን ይዤ ጠየቅኋት፣ “አንቺ ምን አልሽው?”

“አልደከማትም አልኩት። ማታ እስክስታ መታለች አልኩት። እምዬ መች ይደክማታል አልኩት።” ከዚያ እንደሱ ትከሻዋን እየነቀነቀች “‘እንግዲያ እኔን ምን አስኬደኝ’ አለና አወረደኝ። ‘እዚህ ጠብቂ፣ ይመጣሉ’ አለኝ” አለች።

ስመኘው መሬቱን እያየ ነበር። “እማማ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ይምጡ፣ ይመልከቱ።” አየሁ፣ ሁላችን አየን። የአህያ ኮቴ፣ አንዱ እግሩ መሬት የሚጎትት። የፍየል። የዶሮ። የሕፃን እጅ የሚመስል ትንሽ ዱካ። ከጎናቸው የሰው እግር፣ አንዱ የጎማ ጫማ፣ አንዱ ባዶ። ከዱሩ መጥተው ዛፉ ሥር ደርሰው፣ ተመልሰው ወደ ዱሩ።

“የሱዳን ነጋዴ ነው” አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል። “ጫማው የተበጠሰበት ሰው። አንቺም ያን ተረትሽን ስትነግሪያት ነው የኖርሽ፣ ሁሌ ማታ እንሰማ የለም? ልጅ ነች፣ ቀላቀለችው።” አያችሁት፣ ሲፈራ አንቱታውን ረሳው።

“እንከተለዋ!” አለ ስመኘው።

“ወደ ሥራ!” አለ ቢያድግልኝ። “ልጅቱ ተገኝታለች፣ ተመስገን በሉ። ሰሊጡ እየፈሰሰ ነው።”

እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ሰሊጡ እውነትም እየፈሰሰ ነበር። ተመለሱ። ሊመሽ ሲል ሀቡብ ተነሳ፣ ያ ከሱዳን የሚመጣው አቧራ፣ ሰማዩን ቡና አስመስሎ አለፈ፣ በማግስቱ ስሄድ ዛፉ ሥር እጣቢ እንዳፈሰስክበት ለስላሳ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ዱካ የለ፣ ምን የለ። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው፣ ልንከተለው ስንችል ሰሊጥ ስናራግፍ ዋልን። ደግሞ ሌላ ጊዜ እግዜር ነው ሰሊጡን የከፈተው እላለሁ፣ ብንከተለውስ?

ቢያድግልኝ ያለውንም ሌሊት ሌሊት አወጣሁ አወረድኩ። አዎ፣ ስለ አህያው ነግሬያታለሁ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ጫማውም። ያቺን ደክሞሻል የምትለዋን ግን አልነገርኳትም፣ አልነገርኳትም ነው የምለው፣ በእንቅልፍ ልቤ ካልነገርኳት። ውሃውስ? ለውሃውም ቢያድግልኝ መልስ ፈልጎ “ላብ ነው” አለ፣ እኔም ሳቅሁበት፣ ላብ እኮ ጨው ጨው ይላል፣ ልጅቱን ስሜያታለሁ፣ ጉንጯ ምንጭ ምንጭ ነው የሚል።

በተገኘችበት ቀን ማታ ካቀፍኳት በኋላ፣ ተኛች ስል፣ በጨለማ ውስጥ “እምዬ” አለችኝ።

“ወይ።”

“ከፍየሏ ኋላ ባዶ ገመድ ነበር። መሬት ለመሬት ይጎተታል። ይሄ የማን ነው ስለው ‘የአያትሽ ነው’ አለኝ።”

ምን እላለሁ? “እኔ በገመድ አልጎተትም በይው፣ በቅሎ ያምጣልኝ” አልኳት፣ እሷ ሳቀች፣ ተኛች። እኔ ነኝ ያልተኛሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ይስቁብኛል። ወገቤ ሲቆረጥ “ወገቤ አኩርፏል” እላለሁ፣ እግሬ ሲያብጥ “እግሬ ወፈረልኝ” እላለሁ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ “እማማ ምን ይሰማዎታል?” ስትለኝ “ወሬ” አልኳት። ንስሐ አባቴ “ልጄ፣ እውነቱን ብትናገሪ ምን ይጎዳሻል” አሉኝ፣ እኔም “አባ፣ አንቱ አህያ አይነዱ፣ አይገባዎትም” አልኳቸው፣ አዘኑብኝ።

አንድ ነገር ግን ለናንተ ብቻ ልናገር፣ አንዳንድ ቀን ያቺ ቃል ምላሴ ላይ ትመጣለች። ባሌ የለ፣ እኩዮቼ የሉ፣ ሰታቴው ከነወገቤ ሄዷል፣ ውሃ ቀድቶ መመለስ እንኳ አንድ ቀን ይፈጃል። ያ ሰውዬ ክፉ ነው? እንጃ። ልጄን አጠጥቶ መልሶልኛል። ለአህያ ቀድሞ ውሃ የሚሰጥ ሰው ለኔ ይነፍገኛል? እንዲህ ሳስብ አፌ ይከፈታል፣ ያኔ ትዝ የሚለኝ ያ ዶሮ ነው፣ አንገቱን አዙሮ እስኪሰወር ድረስ ያየኝ፣ እሱስ ቀድሞ ያቺን ቃል ያለ ሰው ነበር እንዴ? ያኔ አፌን እዘጋለሁ።

አሁንም ቀትር ነው። በሩ ለንፋሱ ተከፍቷል፣ መንገዱ ላይ የሚሄድ የለም። ስናወራ ቆየን መሰለኝ፣ ወገቤ አኩርፎ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብዬ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነበር፣ ይቺው ሙሉ፣ ዛሬ ደርሳ ኮረዳ የሆነችው፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጎንበስ አለችብኝ፣ “እምዬ፣ ደከመሽ እንዴ? እንተወው?” አለችኝ።

ከውጭ፣ ከሩቅ፣ የሆነ ነገር ድምፅ ያሰማ መሰለኝ፣ ከዚያ ዝም አለ። የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው።

“ማን? እኔ?” አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ መንገዱ እንዲሰማ። “እኔ መች ይደክመኛል! ጻፊ!”

እና ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁላት።